ስልኩን የያዝኩበት ቅዳሜ

በልጅነቴ እንደ ንግሥት ከዋልኩባቸው ቀናት አንዱ የወንድሜ ሞት ወሬ ቤታችን የገባበት ቅዳሜ ነው። እንዲህ ስል የሚሰማኝ ሰው በክፉ ዓይን እንደሚያየኝ አውቃለሁ፤ ይየኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ምንም ነገር የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ደግሞም ኢንተርኔቱ ቀኑን ሙሉ የእኔ እንዲሆን ተፈቅዶልኝ ነበር።

ጊዜው ዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ውስጥ ነው። ቤታችን ቀበና፣ ከወንዙ ከፍ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ያለው ሰፈር ውስጥ ነበር። አባቴ ገና አፌን ሳልፈታ ስለሞተ እማዬ ብቻዋን ናት ሦስታችንን ያሳደገችን። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በተለይ የኳየር ልብስ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ጫልቱ ያልሰፋችለት ኳየር ድምፁ አያምርም" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። የስፌት መኪናዋ ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው። ስልኩና ኮምፒውተሩ ደግሞ ከበስተጀርባዋ፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ።

ኮምፒውተሩን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ኤልቃና ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ሕንድ አገር ሊሄድ ሲል አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣና ሞደም በሚሉት ነገር ከስልኩ ሽቦ ጋር አገናኘው። ያቺን የስልክ መስመር ለማግኘት ቴሌ ተመዝግበን ስድስት ዓመት ጠብቀናል፤ እማዬ ኮምፒውተሩን በጥርጣሬ ነበር የምታየው። "ሽቦዋ አንድ ናት" አለን ኤልቃና፤ "ወይ ታወሩባታላችሁ ወይ ትጽፉባታላችሁ። ስትጽፉ የሚደውል ሰው 'ተይዟል' ነው የሚለው።" የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል።

ሌላም ነገር ትቶልን ነበር፤ ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ። ከሕንድ ሆኖ በኢንተርኔት ድምፁን ሊያሰማን ይችል ነበር። ግን ያኔ በኢንተርኔት ስልክ መደወል በሕግ ክልክል ነበር። እማዬ ይህን ከቤተ ክርስቲያን ሰው ሰምታ መጣች፤ ማዳመጫውን በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ክልክል ከተባለ ክልክል ነው፣ ልጄን ላናግር ብዬ አልሰርቅም አለች። እኔ ደግሞ ፖሊስ ሽቦው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ይመስለኝ ስለነበር ስጽፍ እንኳን ቀስ ብዬ ነበር ቁልፎቹን የምነካው።

ስለዚህ የኤልቃና ድምፅ የሚመጣው በወር አንዴ፣ በስልክ፣ ሦስት አራት ደቂቃ ነው። ከውጭ የሚደወል ስልክ ያስታውቃል፤ መጀመሪያ ነፋስ የሚመስል ነገር ይሰማል፣ ሰውየው ከዚያ በኋላ ነው። የቤታችን ደንብ ደግሞ የታወቀ ነው። ነፋሱን የሰማ ሰው ሰላምታ ምናምን ሳይል ስልኩን ለእማዬ ይሰጣል። ለእኛ የሚተርፈን ከተረፈ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ" ብቻ ነበር።

የእኔና የኤልቃና ወሬ በኢሜይል ነው። የራሴን አድራሻ ከፍቶልኝ ነው የሄደው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሩብ ሰዓት ይፈቀድልኛል፤ ያውም ታላቅ እህቴ ሳምራ ሰዓቷን እያየች ከላዬ ቆማ። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምጽፈው፤ ሁሉንም በትልልቁ፤ ምክንያቱም አንዴ ትልቁ ላይ የተቀረቀረውን ቁልፍ እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም ነበር። እሱ ግን አንድም ቀን ሳይመልስልኝ ቀርቶ አያውቅም።

ታዲያ ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎን የለ? ፈተናው ተዛውሮ አይመቸኝም ብሎ ጻፈ። አንጀቴ አረረ። እህል አልበላም አልኩ፤ ቅዳሜ ደረሰና ሳምራ ወደ ጓዳ ገባ ስትል አንዲት መስመር ጻፍኩለት። "ከእንግዲህ ወንድሜ አይደለህም።" በትልልቁ።

መልስ አልመጣም። እሑድ ሳምራን ለምኜ አየሁ፤ የለም። ሰኞ የለም፣ ረቡዕ የለም። ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የማየው ያቺን መስመር ነበር። በቃ ተቀየመኝ፣ ያልኩትን እሺ ብሎ ተቀብሎታል ብዬ ደመደምኩ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። ይቅር ብዬሻለሁ እንዲለኝ።

ያቺ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሳምራ ኢንተርኔቱን አገናኘችና መጀመሪያ የራሷን ኢሜይል ከፈተች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት። እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አነበበች። ከዚያ ከላይ ጀምራ እንደገና አነበበች። ወንበሩን ገፍታ ተነሳችና ወጣች። በመስኮት ሳያት ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላ ፊቷን ትታጠባለች፤ ቧንቧው ግን ውኃ አልነበረውም። በደረቅ እጇ ነበር ፊቷን የምታሸው። ዓይኗ ውስጥ ትቢያ ገብቶባት ነው አልኩ።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። እማዬ ከስፌቷ ቀና ሳትል ምን ሆንሽ አለቻት፤ ዓይኔን አሞኛል፣ መድኃኒት ቤት ሄጄ በዚያው ሾላ ደርሼ እመጣለሁ አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና በጆሮዬ ጉድ የሚያሰኝ ነገር ነገረችኝ። ኢንተርኔቱ ዛሬ ያንቺ ነው፣ እስክመለስ። ለቢሮ ትልቅ ፋይል እያወረድኩ ስለሆነ ከተቋረጠ ይበላሻል። ራሱ ከተቋረጠ ወዲያው መልሰሽ አገናኚው። እማዬ ልደውል ብትል እንኳን ፋይሉን ንገሪያት።

"ሩብ ሰዓት አይደለም?" አልኳት።

"እስክመጣ ድረስ አልኩሽ እኮ። እንዳትዘጊው፣ ጵርስዬ።" ጵርስዬ ብላኝ አታውቅም፤ ጵርስቅላ ነው የምትለኝ፣ ያውም በቁጣ። እግዚአብሔር ጸሎቴን ሰምቶ የሳምራን ልብ አራራልኝ ብዬ አመንኩ።

ሳምራ ያነበበችው ተክሌ የሚባል ልጅ የጻፈውን ነው፤ የኤልቃና የክፍል ጓደኛ፣ አብሮት የሚኖር። ኤልቃና ሐሙስ ማታ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት ሞቷል። ሳምራ አንድ ቃል፣ "ደርሶናል" ብላ መለሰችለትና ተነሳች። መርዶ በኢሜይል አይነገርም፤ በስልክም አይነገርም፤ እናት ደግሞ ብቻዋን ቁጭ ብላ አትሰማም። ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ከጎኗ ቆሞ ነው። እማዬ የደም ግፊት አለባት። ያለ ታላቅ ወንድሟ ያለ ጋሽ ኢቲቻ ደግሞ መርዶው የሚታሰብ አይደለም። ጋሽ ኢቲቻ የሚኖሩት እንጦጦ ላይ ነው፤ ገብስ እያረሱ፣ ስልክ የሚባል በሌለበት። እና ሳምራ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በታክሲ፣ ከዚያ በባሕር ዛፉ መሀል ሽቅብ በእግሯ ሄደች። ከዚያ ወርዳ ደግሞ ሾላ ጋሽ ጉተማ ቤት፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እስከዚያው ወሬው የኤልቃና የሥራ ባልደረቦች ጋ ደርሶ አንዱ እግዜር ያጽናሽ ሊል ይደውላል ብላ ፈራች። ስልኩን ብትነቅለው እማዬ ትጠይቃለች። ስለዚህ በኢንተርኔት ዘጋችው። ፋይል የሚባል ነገር አልነበረም፤ በሩን ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ቢሆን አይሳካላትም። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አስረው ሳይጨርሱ ፌስቡክ ላይ ፎቶው ከሻማ ጋር ይወጣል።

እኔ ግን ምን አውቄ! ወንበሩ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩና መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ "ይቅርታ" ብቻ ነበር። አነሰብኝ። ሁለተኛው ላይ ለፋሲካ ባይመጣም ግድ የለም አልኩ። ሦስተኛው ላይ ግድ እንዳለው አመንኩ። በአራተኛው የሂሳብ ፈተናዬን ውጤት፣ በአምስተኛው የጎረቤት ውሻ መውለዷን ነገርኩት፤ ሲስቅ ይቀለዋል ብዬ። በየመሀሉ መስመሩ እየተቋረጠ ነፍሴ ትወጣለች፤ ተሯሩጬ አገናኛለሁ፤ ሞደሙ ይጮኻል። እማዬ ወይን ጠጅ ጨርቅ ታቅፋ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ "ያቺ ነገር ደግሞ ምን ሆና ነው እንዲህ የምታላዝነው?" ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ግድ እንደሌላት ሁሉ፣ መልስ አለ ወይ ትላለች። የለም እላለሁ። ፈተና ላይ ነው ትለኛለች። እንዲህ ብላ አምስት ጊዜ ሳትጠይቀኝ አልቀረችም።

ምሳ ላይ አልቻልኩም፤ አለቀስኩ። ጻፍኩ ያልኩትን ሁሉ፣ ወንድሜ አይደለህም ያልኩትን ሳይቀር ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ፊቴን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝና አንቺ አይደለህም ስላልሽው ወንድምነቱ አይፋቅም፣ ይቅርታ ጠይቂና ጠብቂ አለችኝ። እኔም ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ጻፍኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ኤልቃና ሰባት ደብዳቤ አንብቦ ዝም አይልም። ይደውላል። ሲደውል ግን ተይዟል ነው የሚለው፤ የያዝኩት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ! ምናልባትም ጠዋት ጀምሮ እየደወለ ይሆናል። ልቤ በአንድ በኩል የሳምራን ፋይል፣ በአንድ በኩል ኤልቃናን ያዘ። ፋይሉ ይበላሽ አልኩ። ዘጋሁት።

እጄን ስልኩ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ብዙም አልቆየ። ጠራ።

አነሳሁት፤ ነፋሱ። ያ የማውቀው ነፋስ። ሰው እስኪናገር መቼ ጠበቅሁ! "እማዬ፣ እሱ ነው! እማዬ!" ብዬ ሽቦውን እየጎተትኩ አቀበልኳት። እማዬ ከስፌቷ ተነስታ ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ፊቷ በርቶ ነበር።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ድምፅዋም ወረደ። ለእኔ የተሰማኝ ጥቂት ነው። "መቼ?" አለች። "እሺ" አለች፤ "እሺ ልጄ።" መጨረሻ ላይ "አንተ ግን በልተሃል ወይ?" ስትል ሰማሁ፤ ይህን ጥያቄ ለኤልቃና ሳትጠይቀው ስልክ ዘግታ ስለማታውቅ እሱ ለመሆኑ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ተክሌ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አንድ ሠርግ ላይ አገኘሁት፤ ፀጉሩ ሳስቷል፣ ሁለት ልጆች ይዟል። ሳምራ "ደርሶናል" ብላ ስለመለሰችለት ቤቱ ሁሉ ያወቀ መስሎት ነው የደወለው፤ አስከሬኑ የሚመጣበትን ቀን ሊነግር። "እግዚአብሔር ያጽናናችሁ" ብሎ ጀመረ። እናታችሁን አልረሳትም አለኝ። አንዴም አልጮኸችም። መቼ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ተሠቃይቶ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ብቻውን ነበር ወይ አለችው። አይ፣ እኔ አብሬው ነበርኩ ሲላት እሱ ራሱ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ተክሌ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም ነበር። ይህን ሲነግረኝ ሠርገኛው መሀል ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እኔ ደግሞ ሳህኔን እንደያዝኩ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ጋሽ ጉተማና ጋሽ ኢቲቻ ከስድስት ሰባት ሰው ጋር ገቡ። እማዬ እንደማታውቅ ሆና ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው። ጋሽ ጉተማ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዙሪያ ዞረው ዞረው ተናገሩ፤ አላቋረጠቻቸውም። ከዚያ ነው የጮኸችው፤ ጋሽ ኢቲቻም ያዟት። ሳምራ እስከ ዛሬ ድረስ መርዶው በወጉ እንደተነገረ ነው የምታውቀው። ያን ቀን ሙሉ እንጦጦ የወጣችበትን እግር ዋጋ አሳጥቼ አልነግራትም።

ይህ ግን ገና ነገ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እማዬ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችና የክር ቅርጫቷ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ሳቅኩ። ቅርጫቱን አየችው፤ ስልኩን አውጥታ ቦታው መለሰችው። ወገቤን ብላ ጠረጴዛውን ያዝ አደረገችና ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ ዘጋችው። እማዬ ለጸሎት ስትገባ በሩ ይዘጋል፤ አይንኳኳም። ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ምን እንዳለ ልጠይቃት እየቸኮልኩ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።

ስትወጣ ነጠላዋን አጣፍታለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ኢንተርኔቱ ነው፤ ማን ዘጋው አለች። ፈራሁ። ሳምራ እንዳትዘጊ ማለቷን፣ ፋይሉን፣ ራሱ ሲቋረጥ ወዲያው እንዳገናኝ መታዘዜን አንድ በአንድ ዘረገፍኩ። ቆማ ሰማችኝ። የሳምራ ዓይን ለምን ቀልቶ እንደነበር፣ ሾላ ብላ የት እንደሄደች፣ ሁሉም ያኔ ሳይገባት አልቀረም።

"መልሰሽ አገናኚው" አለችኝ። "ስልክ መደወሉንም ለሳምራ አትንገሪ። ብዙ ለፍታለች።" እኔ ከቁጣ ያዳነችኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሞደሙ ጮኾ ጮኾ ተያያዘ።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ደብዳቤሽን አንብቦታል።"

"ሰባቱንም?"

"ሰባቱንም።"

"ተቆጥቷል?"

እማዬ ውሸት አታውቅም። የልጇን ድምፅ ለመስማት እንኳን ሕግ ያልጣሰች ሴት ናት። እጇን ጭንቅላቴ ላይ አደረገችና "አልተቆጣም" አለች። "'እሷ አይደለህም ብትለኝም እኔ ወንድሟ ነኝ' አለ።"

የስምንት ቀን ሸክም ከትከሻዬ ወረደ። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ዘለልኩ፤ እሷም ያዘችኝ፣ ከልማዷ በላይ አቆይታ ያዘችኝ። ብዙ ዓመት ስኖር በዚያች ውሸት ነው የተጽናናሁት። እውነቱን ካወቅሁ በኋላም ቢሆን ያው በእሷ ነው።

ከዚያ የስፌቷን በርጩማ ጎትታ አጠገቤ አደረገችው። ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጣ አታውቅም ነበር።

"ጻፊልኝ" አለች።

በሁለት ጣቴ፣ በትልልቁ ፊደል መጻፍ ጀመርኩ። ቀስ እያለች ነበር የምትለኝ፤ እንድደርስባት።

ልጄ ኤልቃና፣ እናትህ ነኝ። አልሄድም፣ እዚሁ ማስተማር ይበቃኛል ብለኸኝ ነበር። ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ።

"አልሄድም ብሎ ነበር እንዴ?" አልኳት።

"ብሎ ነበር። ጻፊ።"

ይቅር በለኝ። የሰፋሁልህ ነጩ ሸሚዝ እጅጌው ረዝሞብህ ነበር፤ ስትመጣ አሳጥርልሃለሁ ብዬህ ሳላሳጥርልህ ቀረሁ።

"ሲመጣ ታሳጥሪለታለሽ" አልኩ።

ስክሪኑን ታያለች፤ ማንበብ የምትችለው የአማርኛ ፊደል ብቻ ስለሆነ የጻፍኩት ምን እንደሆነ አታውቅም። መናገሯን ቀጠለች። ብቻዬን አሳድጌህ ለብቻህ ላክሁህ፤ ግን ተክሌ አብሮህ ስላለ እግዚአብሔር ይስጠው። እናትህ ጫልቱ። በቃ እዚህ ላይ አቆመች። ላክሁት።

"ሄደ?"

"ሄዷል።"

"አሁን የት ደረሰ?"

እኔ የኢንተርኔቱ ሊቅ ነኝ፤ አንገቴን ቀና አደረግሁ። "እሱ ጋ ነው፤ ወዲያው ነው የሚደርሰው" አልኳት። ጣቴ ማውሱ ላይ ነበር። "ልዝጋው?"

እጄን ያዘችው።

"አትዝጊው" አለች። "ትንሽ ይቆይ።"

ሳምራ እስክትመለስ ድረስ ሁለታችን እዚያው ተቀምጠን ቆየን።